ጨው ሊገዛ የሄደ

በእኛ ቤት ሰው ሲዘገይ፣ ውሃ ወርዶ ልጅ ሲቀር፣
«ምነው» ይባላል፣ «ሆነ እንዴ እንደ ይመር?»
ማን ነው እሱ? ስላቸው፣ «የአያትሽ አጎት» ብለው፣
«ሰኞ ዕለት፣ ባቲ፣ ጨው ሊገዛ…» ብለው፣
ይተዉታል እዚያው፣ ሌላ ወሬ ጀምረው።

መቃብር የለውም፤ ሰደቃ አልወጣለትም፤
ሞቷል ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።
ከክፉ ቀን ወዲህ ነው፣ ከብት ባለቀ ማግስት፣
ስምንት ዓመቱ ነበር፣ «አንድ አሞሌ» ስትለው እናት።
ይህ ነው የእኛ መዝገብ፤ ብራና የለን፣ ማኅተም፣
ልጅ መቆጫ ሆኖ የቀረ አንድ ስም።

እኔ ሙሐረቅ ነኝ፤ ሰባት ዓመት ሞላኝ።
የአሮጊት እግር አሻለሁ፣ ኪኒን እቆጥራለሁ፤
አርብ ከሰዓት በኋላ ግን የራሴ ነኝ።
ጓደኞቼ ወርቅ ሊያዩ መናማ ሲሻገሩ፣
እኔ ኡስታዝ ኻሚስ ዘንድ፣ ከጎረቤቱ በሩ።

ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤
በብስኩት ጣሳ ያስቀመጠው ዘመን አለው፦
እንግሊዞች የሰጡት የነፃነት ወረቀት ግልባጭ፣
የመርከብ አለቆች የዕዳ ደብተር፣ ጋዜጣ ብጫቂ።
አያቱ ባሕረኛ ነበር፤ ያወራል ስለሱ ሲነሳ።
ስለ ሴት አያቱ ስጠይቀው
ይነሳና ሻይ ያፈላል።

ደብተሩን እገልጣለሁ። ዕንቁ ጠላቂው ሁሉ ከነዕዳው፦
ቴምር ይህን ያህል፣ ሩዝ ይህን ያህል፣ ገመድ፤
ሰውየው ሰጥሞ እንኳ ዕዳው አይሰጥም፣ ለልጁ ይወርዳል።
ስማቸው ያቁት፣ መርጃን፣ አልማስ፣ ፈይሩዝ፣
የትኛዋ እናት ነች ልጇን ድንጋይ ያለች?
ጣት ላይ እንደሚያደርጉት ቀለበት
ገዝተው ያወጡላቸው።
«ሀገሩ፦ ሐበሻ» ይላል። ከዚያ ነጠብጣብ።
ሐበሻ ስንት ጎጥ ነው? ስንት ደጃፍ፣ ስንት ወንዝ?

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀር፣
ከሦስተኛው ጣሳ ሥር አገኘሁት፦

«ስሜ ፈይሩዝ ነው። ዕድሜዬ አርባ ግድም።
የአባቴን ስም አላውቅም።
ልጅ ሳለሁ እናቴ ጨው እንድገዛ ላከችኝ።
በመንገድ ሰዎች ያዙኝ። ባሕር አሻገሩኝ።
ጌታዬ ይመታኛል። ነፃነቴን እለምናለሁ።»

ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ፤
ጣቴን አስጠጋሁና መለስኩት።

ኡስታዝ ኻሚስ መነጽሩን አወለቀ፤
«ልጄ» አለኝ፣ «ጨው የተላከ ልጅ ስንት አለ?»
እውነቱን ነው። የወሎ እናት ሁሉ ልጇን ጨው ትልካለች።
ደሞም ይመር የአባቱን ስም እንዴት ያጣል?
ወይስ የተረሳው አይደለም፣ ያልሰጣቸው ነው?
ስሙን ወስደውበታል፤ የአባቱን ደበቀ?

ከሩዝ ማስታወቂያ በታች፣ በአንድ የተቃጠለ ቢጫ ጋዜጣ፣
ሁለት መስመር አለ፦ ውሃ አመላላሹ ሽማግሌ ፈይሩዝ
ማክሰኞ አርፎ እዚሁ ሙሐረቅ ተቀበረ።

ሄድኩ። መቃብሩ ሰፊ ነው፣ ጠፍ ሜዳ፤
ድንጋዩ ሁሉ ደንቆሮ፣ ስም የለበት፣ ቀን የለበት፤
ሀብታሙም ባሪያውም አንድ ዓይነት ጉብታ።
ዘበኛው የፓኪስታን ሰው ነው። «ማንን ነው?» አለኝ።
«ጨው ሊገዛ የሄደ» አልኩት በአማርኛ፤
ገባኝ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አንዱ ድንጋይ ሥር ተቀመጥኩ። የትኛው እንደሆነ
አልመረጥኩም፣ ደክሞኝ ነው።
ባሕሩ ሲነፍስበት ኖሮ ነጭ ተጋግሮበታል።
በጣቴ ነካሁና ቀመስኩት።

ማታ ለአክስቴ ሙህዲያ ደወልኩ።
«ሉባባ! ምነው ሌሊት? ምን ሆንሽ?»
«ይመር ጨው አገኘ» አልኳት።
መስመሩ ተንጫጫ። ዝም አለች። የተቋረጠ መሰለኝ።
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ገበያተኛ፣
«አሞሌ ነው» አለችኝ፣ «ወይስ ድቃቂ?»